ስሙን ያልጻፈው ጸሐፌ ተውኔት፦ ዲናባንዱ ሚትራና «የኢንዲጎ መስተዋት»

እ.ኤ.አ. በ1860 ዳካ ከተማ ውስጥ በቤንጋልኛ የተጻፈ አንድ ተውኔት ታትሞ ወጣ። በመጽሐፉ ላይ የደራሲው ስም አልነበረም፤ ጸሐፊው ራሱን የገለጸው አንድ መንገደኛ ብሎ ብቻ ነው። የተውኔቱ ርእስ «ኒል ዳርፓን» ሲሆን፣ ትርጉሙም «የኢንዲጎ መስተዋት» ማለት ነው። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ በእርሱ ምክንያት አንድ ሚሲዮናዊ ወኅኒ ወረደ፤ አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣንም ከመንግሥት ጸሐፊነቱ ለቀቀ። በአሥራ ስድስተኛው ዓመት ደግሞ በእንግሊዝ ሕንድ የቴአትር መድረክን ሁሉ የሚቆጣጠር ሕግ ሲታወጅ፣ ለዚያ ሕግ መንገድ ከጠረጉት ተውኔቶች አንዱ ይኸው ሥራ ነበር። ደራሲው ግን አልታሰረም፤ ከሥራውም አልተባረረም። ደመወዙን ከዚያው ከቅኝ ገዢው መንግሥት የሚቀበል የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዲናባንዱ ሚትራ የተወለደው በ1830 ገደማ፣ በቤንጋል ክፍለ ሀገር በናዲያ አውራጃ፣ ቾውቤሪያ በምትባል መንደር ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ጋንዳርቫ ናራያን ነበር። ይህን ስም አልወደደውም፤ ከጊዜ በኋላ በራሱ ፈቃድ ዲናባንዱ ተባለ፤ የድሆች ወዳጅ ማለት ነው። በመንደሩ ትምህርት ቤት ፊደል ከቆጠረ በኋላ አባቱ ገና በልጅነቱ በአንድ ባላባት ርስት ላይ በጸሐፊነት ሥራ አስገቡት። ልጁ ግን ትምህርት ፈልጎ ወደ ካልካታ ኮበለለ። እዚያም በዘመዱ ቤት ተጠግቶ የቤት ሥራ እየሠራ ለመማር ቆረጠ። በ1846 ገደማ የገባበት ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ የሚያስተምር ሲሆን፣ አስተዳዳሪውም አየርላንዳዊው የአንግሊካን ሚሲዮናዊ ጄምስ ሎንግ ነበር። የመምህሩና የተማሪው ስም ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በአንድ ተውኔት ምክንያት እንደገና እንደሚገናኝ በዚያን ጊዜ ማንም ሊገምት አይችልም ነበር።

ዲናባንዱ በትምህርቱ ጎበዝ ስለ ነበረ የነጻ ትምህርት ዕድል እያገኘ በ1850 በዘመኑ ስመ ጥር ወደ ነበረው ወደ ሂንዱ ኮሌጅ ገባ። የመጨረሻውን ፈተና ግን ሳይወስድ በ1855 በፓትና ከተማ የፖስታ ቤት ሹም ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያም በተቆጣጣሪነት ማዕረግ በናዲያ፣ በዳካና በኦሪሳ ተዘዋውሮ ሠራ። የተቆጣጣሪ ሥራ በአንድ ስፍራ ተቀምጦ የሚሠራ አልነበረም። በጀልባ፣ በፈረስና በእግር ከአንዱ ፖስታ ቤት ወደ ሌላው መሄድ፣ በየመንደሩ ማደር፣ ከገበሬውም ከሹሙም ከነጋዴውም ጋር መነጋገር ግዴታው ነበር። የቅርብ ወዳጁ ታላቁ ልቦለድ ጸሐፊ ባንኪም ቻንድራ ቻተርጂ ስለ ሕይወቱ በጻፈው ማስታወሻ፣ ዲናባንዱ የየዓይነቱን ሰው ጠባይና አነጋገር ጠንቅቆ ሊያውቅ የቻለው በዚህ ጉዞ መሆኑን ይመሰክራል። በተውኔቱ ላይ ራሱን መንገደኛ ማለቱም ከእውነት የራቀ አልነበረም።

በጉዞው ካያቸው ነገሮች ሁሉ ልቡን የነካው የኢንዲጎ ገበሬዎች ኑሮ ነው። ኢንዲጎ ሰማያዊ ማቅለሚያ የሚወጣበት ተክል ሲሆን፣ በዚያ ዘመን የአውሮፓ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በእጅጉ ይፈልጉት ነበር። በቤንጋል የሰፈሩት የአውሮፓ ከበርቴዎች ለገበሬው ቢጋ በሚባለው የአገሩ የመሬት መለኪያ ለእያንዳንዱ ቢጋ 2 ሩፒ ያህል ቀብድ ይሰጡታል። ቀብዱን የተቀበለ ገበሬ ከመሬቱ የተሻለውን ለይቶ፣ ሩዝ ሊያበቅልበት የሚችለውን ስፍራ ለኢንዲጎ ማዋል ግዴታው ነው። ምርቱ ሲሰበሰብ ሚዛኑን የሚይዘውም፣ ዋጋውን የሚቆርጠውም፣ ሒሳቡን የሚጽፈውም ያው ከበርቴው ስለ ሆነ ቀብዱ ተከፍሎ አያልቅም። ዕዳው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። እምቢ ያለው በከበርቴው ዱላ ያዦች ይደበደባል፤ ከብቱ ይነዳል፤ በመጋዘን ይታሰራል። አቤት እንዳይል ደግሞ ዳኛውና ከበርቴው የአንድ አገር ልጆች፣ የአንድ ማዕድ ተቋዳሾች ናቸው።

በ1859 በናዲያ የጀመረው የገበሬዎች እምቢታ በጥቂት ወራት ውስጥ በብዙ አውራጃዎች ተዛመተ። ገበሬዎቹ ከእንግዲህ ኢንዲጎ አንዘራም ብለው በአንድነት ቆሙ። መንግሥት በ1860 መጀመሪያ ባወጣው ጊዜያዊ ሕግ ቀብድ ተቀብሎ ያልዘራ ገበሬ በአጭር ሥነ ሥርዓት ተፈርዶበት እንዲታሰር አደረገ፤ በዚሁ ሕግ ብዙ ገበሬዎች ወኅኒ ገቡ። በዚያው ዓመት ግን ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚሲዮን ተቋቋመ፤ ሰብሳቢውም ሲተን-ካር የተባለ ባለሥልጣን ነበር። ኮሚሲዮኑ የብዙ ምስክሮችን ቃል ሰምቶ አሠራሩ ከሥር የተበላሸ መሆኑን በሪፖርቱ ገለጸ። «የኢንዲጎ መስተዋት» የታተመው በዚሁ ዓመት ነው። እንግዲህ ተውኔቱ ገበሬውን አላስነሣውም፤ ገበሬው አስቀድሞ ተነሥቶ ነበር። ተውኔቱ ያደረገው በሪፖርትና በምስክርነት ቃል የሠፈረውን በደል፣ ስምና ፊት ባለው ሰው ላይ ሲደርስ ማሳየት ነው።

ተውኔቱ ሲጻፍ ስለ ደረሰ አንድ አደጋ ባንኪም የጻፈው ታሪክ አለ። ዲናባንዱ ሥራውን በመጻፍ ላይ ሳለ በሌሊት የሜግናን ወንዝ በጀልባ ይሻገር ነበር። ከዳር ብዙ ከራቁ በኋላ ጀልባዋ ውኃ እየሞላት መስጠም ጀመረች። ቀዛፊዎቹ ዘለው መዋኘት ያዙ። ዲናባንዱ ዋና አያውቅምና የተውኔቱን ጽሑፍ በእጁ እንደ ያዘ በምትሰጥመው ጀልባ ላይ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። በዚህ መካከል ከዋናተኞቹ የአንዱ እግር ድንገት መሬት ነካ፤ ውኃው ጥልቅ አለመሆኑንም ለሌሎቹ ጮኾ ነገራቸው። ደራሲውም ጽሑፉም በዚህ ዓይነት ተረፉ።

የተውኔቱ ታሪክ ስቫርፑር በምትባል መንደር የሚፈጸም ነው። ጎሎክ ባሱ የተከበረ ባለመሬት ሲሆን፣ ናቢን ማዳብና ቢንዱ ማዳብ የሚባሉ ሁለት ልጆች አሉት። ዉድና ሮግ የሚባሉት የኢንዲጎ ከበርቴዎች በመንደሩ መሬት ላይ ሁሉ ተክላቸውን ለማስዘራት ይነሣሉ። ናቢን ለገበሬዎቹ ጥብቅና ስለ ቆመ አባቱ በሐሰት ክስ ይታሰራል፤ ውርደቱንም ሊሸከም ስላልቻለ በእስር ቤት ራሱን ይሰቅላል። ሮግ የገበሬውን የሳዱ ቻራንን ልጅ፣ እርጉዟን ክሼትራማኒን ሊደፍራት ሲታገል ናቢንና ቶራፕ የተባለው እስላም ገበሬ ደርሰው ያስጥሏታል፤ ሆኖም ከደረሰባት ጉዳት የተነሣ ትሞታለች። ናቢን በዉድ ተመትቶ ይሞታል፤ እናቱም አእምሮዋን ስታ ታናሽ ምራቷን ትገድላለች፤ ወደ ልቧ ስትመለስም ሐዘኑ ይገድላታል።

ሥራው ከጉድለት የጸዳ አይደለም። በመጨረሻው ገቢር ሞት በሞት ላይ ይደራረባል። የባላባቱ ቤተ ሰብ አነጋገር ከሳንስክሪት በተውሶ ቃላት የከበደ፣ ከመጽሐፍ የተቀዳ ይመስላል። ገበሬዎቹ፣ ሴቶቹና አሽከሮቹ በገጠሩ ዘዬ ሲናገሩ ግን መድረኩ ነፍስ ይዘራል። በተለይ ቶራፕ በቤንጋል የተውኔት ታሪክ ከማይረሱት ገጸ ባሕርያት አንዱ ነው። ዲናባንዱ በጆሮው የሰማውን ሲጽፍ ይበረታል፤ ያልሰማውን ሲጽፍ ይደክማል።

ስሙን ለምን እንዳልጻፈ ባንኪም ምክንያቱን ያስረዳል። ዲናባንዱ በሥራው ምክንያት ዘወትር ከእንግሊዛውያን ጋር የሚገናኝ ሰው ነበር፤ ከበርቴዎቹም የእነዚህ እንግሊዛውያን ወዳጆች ነበሩ። በአንድ ጊዜ ባያጠፉት እንኳ በየዕለቱ ሊያስጨንቁት እንደሚችሉ ያውቅ ነበር። ሆኖም መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ራሱን ለመሰወር ብዙ አልተጨነቀም፤ ደራሲው ማን እንደ ሆነ በቤንጋል ብዙ ሰው ያውቅ ነበር። የጎደለው ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ ብቻ ነው።

መጽሐፉ በቤንጋልኛ ብቻ እስከ ተነበበ ድረስ ገዢዎቹን እምብዛም አላሳሰባቸውም። በ1861 ግን ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። በትርጉሙ ላይ የሠፈረው አንድ የአገሩ ተወላጅ ተረጎመው የሚል ብቻ ነው። ብዙዎች ተርጓሚው ባለቅኔው ማይክል ማዱሱዳን ዱት ነው ይላሉ፤ ምሁራን ግን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ያሳተመው ያው የቀድሞው የትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ጄምስ ሎንግ ነበር። ከታተሙት 500 ቅጂዎች ውስጥ 200 ያህሉ በወቅቱ የቤንጋል መንግሥት ጸሐፊ በነበረው በሲተን-ካር ጽሕፈት ቤት በኩል በመንግሥት ፖስታ ተላኩ፤ ከነዚህም ወደ እንግሊዝ አገር የሄዱ ነበሩ። ከበርቴዎቹና ጋዜጦቻቸው ይህን ሲሰሙ በቁጣ ተነሡ። በመቅድሙ ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ጋዜጣ አዘጋጆች በገንዘብ ተገዝተው ከበርቴዎቹን እንደሚያወድሱ የሚገልጽ ቃል ስለ ነበረ፣ ይህንና ተውኔቱን መሠረት በማድረግ በስም ማጥፋት ክስ መሠረቱ።

መጀመሪያ የተከሰሰው አታሚው ነበር፤ እርሱም ያሳተመው ሎንግ መሆኑን ተናገረ። በሐምሌ 1861 ሎንግ በካልካታ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ በዳኛው በሞርዳንት ዌልስ ፊት ቆመ። ኃላፊነቱን በሙሉ በራሱ ላይ ወሰደ እንጂ የተርጓሚውንም የደራሲውንም ስም አላወጣም። ጥፋተኛ ተብሎ የአንድ ወር እስራትና የ1000 ሩፒ መቀጫ ተፈረደበት። ካሊፕራሳና ሲንጋ የተባለው ወጣት የካልካታ ባለጸጋና ጸሐፊ መቀጫውን ወዲያውኑ ከፈለ። ሲተን-ካርም ከመንግሥት ጸሐፊነቱ ለቀቀ።

እዚህ ላይ የዲናባንዱ ሕይወት ትልቁ ጥያቄ ይነሣል። አንድ ሰው የጻፈውን ሌላው ተረጎመው፤ ሌላው ታሰረለት፤ ሌላው ከፈለለት። ደራሲው በፍርድ ቤት ቀርቦ እኔ ነኝ አላለም። ይህን ፍርሃት ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ራሱን ቢያጋልጥ ኖሮ ከበርቴዎቹ የፈለጉትን ያገኙ ነበር፤ የገበሬው በደል ቀርቶ የአንድ ተራ ሠራተኛ እምነት ማጉደል መነጋገሪያ ይሆን ነበር። ሎንግ አውሮፓዊና ሚሲዮናዊ በመሆኑ አንድ ወር ታስሮ ወጣ፤ ለሕንዳዊው ሠራተኛ ምን ይጠብቀው እንደ ነበር ለመገመት አያስቸግርም። ሎንግ ስሙን የደበቀለት ይህን ስለሚያውቅ ይመስላል። ያም ሆኖ መምህሩ የከፈለው ዋጋ በተማሪው ላይ ዕዳ ሆኖ መቅረቱ አይካድም። ዲናባንዱ ይህን ዕዳ የከፈለው በቃል ሳይሆን፣ መጻፉን ባለማቆም ነው።

ከዚያ በኋላ የጻፋቸው አብዛኞቹ ሥራዎች ኮሜዲዎች ናቸው። በ1866 ለማግባት ያበዱ ሽማግሌን የሚያሾፍ አንድ ሥራ፣ እንዲሁም «ሳዳባር ኤካዳሺ» የተባለውንና የካልካታን የተማሩ ወጣቶች ስካር የሚነቅፈውን ተውኔት አወጣ። «ሊላቫቲ» በ1867 ተከተለ። እነዚህ ሥራዎች በቤንጋል ቴአትር ላይ ያመጡት ለውጥ ከቀድሞው ያላነሰ ነው። እስከዚያ ድረስ ተውኔት የሚታየው በባለጸጎች አዳራሽ፣ በተጋበዙ እንግዶች ፊት ነበር። የነገሥታትና የአማልክት ታሪክ ስለሚቀርብም የአልባሳቱ ወጪ ከድሀ ወጣት አቅም በላይ ነበር። የዲናባንዱ ሰዎች ግን የሚለብሱት ተመልካቹ የሚለብሰውን ነው። በባግባዛር ሠፈር የተሰበሰቡት አማተሮች፣ ጊሪሽ ቻንድራ ጎሽና አርዴንዱ ሼካር ሙስታፊን ጨምሮ፣ በ1868 «ሳዳባር ኤካዳሺ»ን ለመድረክ ሊያበቁ የቻሉት ከዚህ የተነሣ ነው። በኋላ የቤንጋል ቴአትር አባት የተባለው ጊሪሽ ይህን ውለታ በጽሑፍ መስክሮለታል።

ዲናባንዱ ግን ኑሮው ከፖስታ ቤት አልወጣም። በ1871 የእንግሊዝ ጦር ወደ ሉሻይ ተራሮች ሲዘምት የዘመቻውን የፖስታ አገልግሎት እንዲያደራጅ ወደ ካቻር ተላከ። ለዚህም አገልግሎት ራይ ባሃዱር የሚል የክብር ስም ተሰጠው። ቅኝ ገዢውን በመስተዋት ያሳየ ሰው ከዚያው ቅኝ ገዢ ማዕረግ መቀበሉ የዘመኑን ሁኔታ ያሳያል። ማዕረጉ እንጀራ አልሆነውም፤ በበላይ አለቆች መካከል በተነሣ ጠብ ምክንያት ከፖስታ ሥራው ተነሥቶ በ1872 ወደ ምድር ባቡር ተቆጣጣሪነት ተዛወረ። ባንኪም የወዳጁ ድካምና ያገኘው ዋጋ የማይመጣጠኑ እንደ ነበሩ በምሬት ጽፏል።

በዚያው ዓመት የባግባዛር ወጣቶች ናሽናል ቴአትር ብለው የሰየሙትን ቡድን አቋቋሙ። ጊሪሽ በቂ ዝግጅት ሳይኖር በዚህ ትልቅ ስም ቲኬት መሸጥ አይገባም ብሎ ተለያቸው። የቀሩት ታኅሣሥ 7 ቀን 1872 በጆራሳንኮ በሚገኘው በማዱሱዳን ሳንያል ግቢ መድረክ አቁመው ለከፈለ ሁሉ በራቸውን ከፈቱ። ለመክፈቻ የመረጡት «የኢንዲጎ መስተዋት»ን ነበር። የሴቶቹን ክፍል የተጫወቱት ወንዶች ሲሆኑ፣ አርዴንዱ ብቻውን የዉድን፣ የጎሎክ ባሱንና የእናቲቱን ክፍል ጨምሮ ብዙ ገጸ ባሕርያትን ተጫወተ። ቤንጋል ሕዝብ ሁሉ ቲኬት ቆርጦ የሚገባበትን ቋሚ ቴአትር ለመያዝ የጀመረችው በዚያች ሌሊት ነው ይባላል። የእንግሊዛውያኑ ጋዜጣ «ኢንግሊሽማን» ግን ሎንግን ያሳሰረ ሥራ በመድረክ እንዲታይ መንግሥት እንዴት ዝም አለ ሲል ተቃወመ።

ዲናባንዱ ከዚህ በኋላ ብዙ አልኖረም። በስኳር በሽታ ሲሠቃይ ቆይቶ ኅዳር 1 ቀን 1873 ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ ሳለ ዐረፈ። ተውኔቱ ግን ጉዞውን ቀጠለ።

በ1875 ግሬት ናሽናል ቴአትር የተባለው ቡድን በሰሜን ሕንድ ሲዞር ላክናው ደረሰ። በተመልካቹ መካከል ብዙ አውሮፓውያን ነበሩ። በዚያን ጊዜ ገና ልጅ የነበረችውና ኋላ ታላቅ ተዋናይት የሆነችው ቢኖዲኒ ዳሲ በሕይወት ታሪኳ እንደ ተረከችው፣ ቶራፕ ሮግን የሚደበድብበት ትዕይንት ሲደርስ አውሮፓውያኑ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ አንዳንዶቹም ሰይፍ መዝዘው ወደ መድረኩ ወጡ። ትርኢቱ ተቋረጠ፤ ጸጥታ ለማስከበር ወታደር ተጠራ፤ ቡድኑም ከተማዪቱን ለቆ ሄደ። ስለ አርዴንዱም የሚነገር ታሪክ አለ፦ የዉድን ክፍል ሲጫወት ታላቁ ሊቅ ኢሽዋር ቻንድራ ቪዲያሳጋር ተውኔት መሆኑን ረስቶ ጫማውን ወረወረበት፤ ተዋናዩም ጫማውን እንደ ሽልማት ተቀበለ ይባላል። በመድረክ የሚታየው ልብ ወለድ መሆኑን ባላባቱም ሊቁም የረሱበት ተውኔት ነበር።

በ1876 መጀመሪያ ይኸው ቡድን የእንግሊዝን አልጋ ወራሽ በቤቱ ሴቶች ክፍል ያስተናገደ አንድ የካልካታ ጠበቃን የሚያሾፍ ሥራ ሲያቀርብ የመንግሥት ትዕግሥት አለቀ። የካቲት 29 ቀን አስቸኳይ ድንጋጌ ወጣ። በቀጣዩ ሳምንት ዳይሬክተሩ ኡፔንድራናት ዳስና ተዋናዩ አምሪታላል ባሱ በሌላ ተውኔት ሰበብ ተያዙ፤ የአንድ ወር እስራት ቢፈረድባቸውም የበላይ ፍርድ ቤት በነጻ ለቀቃቸው። በታኅሣሥ ወር ግን ድንጋጌው ቋሚ ሕግ ሆኖ ጸደቀ። ሕጉ ስም የሚያጠፋ፣ በመንግሥት ላይ ቅሬታ የሚያነሣሣ ወይም ምግባር የሚያበላሽ የተባለን ትርኢት ሁሉ ለማገድ ሥልጣን ሰጠ። ትእዛዙን የተላለፈ ተዋናይም ሆነ የአዳራሽ ባለቤት እስከ ሦስት ወር እስራት፣ መቀጫ ወይም ሁለቱም ይጠብቀው ነበር። የቤንጋል ቴአትር ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ፊቱን ወደ አማልክትና ወደ ጥንት ነገሥታት ታሪክ መለሰ። ሕጉ እንግሊዞች አገሪቱን ለቀው ከወጡ በኋላም ቆይቶ፣ ከማዕከላዊው መንግሥት የሕግ መጽሐፍ የተሰረዘው በ2018 መጀመሪያ ነው።

የኢንዲጎ እርሻ በመካከለኛው ቤንጋል ከገበሬዎቹ እምቢታ በኋላ ተዳከመ፤ በቢሃር ግን ቀጠለ። ጋንዲ በ1917 ወደ ቻምፓራን የሄደው በዚያ የነበሩትን የኢንዲጎ ገበሬዎች አቤቱታ ለመመርመር ነበር። እንግዲህ ተውኔቱ ከወጣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በኋላም ያው በደል በሌላ ስፍራ ይኖር ነበር። ተውኔት ብቻውን ዕዳ አይሰርዝም፤ መሬትም አይመልስም። ዲናባንዱ ሚትራም ይህን እንደሚያደርግ ቃል አልገባም። የሠራው ሥራ ግን በደሉን የሚክዱትን በፍርድ ቤት፣ በጋዜጣና በመጨረሻም በሕግ ራሳቸውን እንዲገልጡ አስገድዷል። ስሙን ሳይጽፍ የለቀቀውን መጽሐፍ ሌሎች በየተራ ተሸከሙት፤ ተርጓሚው በዝምታ፣ አሳታሚው በእስራት፣ ተዋንያኑ በመድረክ ላይ በተመዘዘ ሰይፍ ፊት። የቤንጋል ሕዝብ ቴአትርም የመክፈቻ ሌሊቱን ሲያስብ፣ ከነዚህ ሰዎች ሁሉ ጋር የዚያን የፖስታ ቤት ተቆጣጣሪ ስም አብሮ ያነሣል።